ቀይ ነጥብ ያለበት ሰሃን

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናንተ ከሞታችሁ በኋላ የሚቆይ ዕቃ ቤታችሁ ውስጥ አለ? ቤትና መሬት አላልኩም፤ እሱማ ወራሽ ስለሚጣላበት ይቆያል። እኔ የምጠይቀው ስለ ድስቱ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ጭልፋው ነው። ተነሱና ጓዳችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ እኔም ይሄንን የምጽፈው አንድ መስመር ጽፌ እየተነሳሁ፣ በረንዳውን ተመላልሼ እየተመለስኩ ስለሆነ አብረን እንቁም። ያ ባለፈው ክረምት የገዛችሁት የፕላስቲክ ወንበር አንድ እግሩ ወደ ውጭ መሸሽ ጀምሯል አይደል? እንግዳ ሲመጣ "ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ" የምትሉት ለእንግዳው ምቾት አስባችሁ እንዳልሆነ እኔም እናንተም እናውቃለን። ጃንጥላችሁ ገና ዝናብ ሳይለምድ እንደ ቆሰለ ወፍ ክንፉን ጥሏል። ጫማችሁ ከፊት በኩል አፉን ከፍቶ ሊያናግራችሁ ይፈልጋል። እናንተ ግን አትሰሙትም፤ ሌላ ትገዛላችሁ።

አልፈርድባችሁም። ማለቴ፣ እፈርድባችኋለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ።

ከቡታጅራ የወጣሁት ገና ልጅ እግር ሳለሁ ለትምህርት ተብሎ ነበር። ትምህርቱ አለቀ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ መመለሻው ጠፋ፣ እኔም በዚያው ቀረሁ። ክረምቱ በማያልቅበት በአንድ የሰሜን አውሮፓ ከተማ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ፣ የተቀደዱ መጻሕፍት እየሰፋሁና እየለጠፍኩ አረጀሁ። ሥራዬን እወደው ነበር። ጀርባው የተላቀቀ መጽሐፍ ይሰጡኛል፤ ክር፣ ወስፌና ሙጫ ይዤ ሌላ ዕድሜ እጨምርለታለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ወጣት አለቃ መጣችና መጽሐፍ ከማሰፋት አዲስ መግዛት እንደሚረክስ አሰላች። ከዚያ በኋላ እኔ የሰፋኋቸው መጻሕፍት በጓሮ ወደቆመው ትልቅ የብረት ገንዳ ይወረወሩ ጀመር። እኔም ማንም በማያየኝ ሰዓት እያወጣሁ ወደ ቤቴ እወስዳቸው ነበር። ብዙ አንብበሻል እያሉ ለሚያደንቁኝ ሰዎች ምስጢሩ ይሄው ነው። የተጣለውን ነው ያነበብኩት።

ጡረታ ስወጣ ደግሞ ዓለም ተገለበጠ። እነዚያው የሚጥሉ ሰዎች የጨርቅ ቦርሳ አንጠልጥለው፣ የቡና ኩባያቸውን ከቤታቸው ይዘው መዞር ጀመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሽ ተከራይተው የተሰበረ የዳቦ መጥበሻ ሲጠግኑ ፎቶ ይነሳሉ። ለዚህ ሥራቸውም ረጅም ስም አወጡለት፤ ስሙን ለመጥራት ራሱ ስብሰባ ያስፈልጋል። አንድ ቀን አንድ ጢማም ጎልማሳ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ "እያንዳንዱ ቤት ሁሉንም ዕቃ መግዛት የለበትም፤ ጎረቤታሞች በጋራ ገዝተው ተራ በተራ ቢጠቀሙስ?" አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ሳቅኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በደስታ ያለቀስኩ መስሏት መሀረብ ሰጠችኝ።

ምን ያስቃል ትሉኝ ይሆናል። የሚያስቀውማ ያ ጢማም ዛሬ የደረሰበትን እናቴ ማንበብና መጻፍ ሳትችል ጓሮዋ ውስጥ ቆልፋበት መኖሯ ነው። የሰፈራችን እድር ዕቃ የሚቀመጠው እኛ ግቢ፣ ከእንሰቱ ፊት ለፊት ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ነበር። ሁለት ሰው ተባብሮ የሚያነሳቸው ድስቶች፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ብርጭቆዎች፣ ደግሞም ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆነ ነጭ የብረት ሰሃኖች ነበሩ። ከወዲያኛው ሰፈር እድር ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀሉ እያንዳንዱ ሰሃን ቂጡ ላይ በዘይት ቀለም ቀይ ነጥብ ተደርጎበታል። የወዲያኞቹ አረንጓዴ ነው። ሕጉ አጭር ነበር። የሰበረ ወይም የጣለ ያንኑ ዓይነት ገዝቶ ይተካል፤ ገንዘብ አምጥቶ መገላገል የለም። ሰርግና ለቅሶ አንድ ቀን ከዋለ ለቅሶው ይቀድማል። ሙሽራ ሊጠብቅ ይችላል፤ ሬሳ አይጠብቅም። አንድ ሰፈር ሙሉ ሀብታሙም ድሃውም በአንድ ዓይነት ሰሃን ይበላ ነበር። ሀብታሙ ሲሞት ድሃው የበላበት ሰሃን፣ ድሃው ሲሞት ሀብታሙ ፊት ይቀርባል።

እናቴ ስትሞት ቁልፉ ለታናሽ እህቴ ለፋጡማ፣ ለፋጤ፣ ተላለፈ። ፋጤ ቁልፉን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የኖረችው። ባል አግብታ፣ ወልዳ፣ ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ወደየከተማው ሸኝታ፣ ቁልፉ ግን ከአንገቷ አልወረደም። ከእንሴኖ ገበያ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ የሚያውቋት ሰዎች "የሰሃኖቹ እናት" ብለው ቦታ ይለቁላታል። ሌላ ማዕረግ አልነበራትም፤ አልፈለገችምም።

እኔ ስመለስ ፋጤ ጋ ገባሁ። ከውጭ የተመለሰ ሰው ፎቅ ይጀምራል፤ እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት እድር መመዝገብ ነው። ሀጂ በድሩ፣ የእድሩ ሊቀመንበር፣ በልጅነታችን አብረን ዝንጀሮ ከማሳ ያባረርን ሰውዬ፣ "አንቺ ዘይነባ፣ ገና መጣሽ፤ ምን አስቸኮለሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። አስቸኩሎኝ ነበር። ለመኖር ከሆነ እዚያም ይኖራል። እኔ የመጣሁት ለመቀበር ነው። እዚያ አገር የአንዲት ጓደኛዬ ቀብር ላይ ተገኝቼ ነበር። ከቀብር መልስ በወረቀት ሰሃን ላይ አንድ ቁራሽ ኬክ ሰጡን፤ በላን፣ ሰሃናችንን ጥቁር ከረጢት ውስጥ ጣልን፣ ሄድን። ከረጢቱ ሲሞላ አንድ ሰው አፉን አሰረው። ጓደኛዬ በዚያች ደቂቃ ያለቀች መሰለኝ። ያን ቀን ነው የወሰንኩት፤ የእኔ ለቅሶ ላይ ሰው በቀይ ነጥቡ ሰሃን ይበላል፣ ሰሃኑ ይታጠባል፣ ከኔ በኋላ ለሚሞተው ይቀመጣል። ከዚህ የበለጠ ነገር ከዓለም አልፈለግሁም። ትንሽ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፤ ፋጤ ብትኖር "እትዬ ተቀመጪና ተናገሪ፣ ወለሉን ጨረስሽው" ትለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ወልቂጤ ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ ስብሰባ ተጠርቶ ሀጂ በድሩ ሰፈሩን ወክሎ ሄደ። ስለ ፕላስቲክ ጉዳት ሲነገር ውሎ መጣ። እያንዳንዱ ተሰብሳቢ ፊት የፕላስቲክ ውሃ ተደርድሮ ነበር፤ ስለ ፕላስቲክ ጉዳት የሚናገረው ሰንደቅ ራሱ ፕላስቲክ ነበር። ይሄን ሁሉ የነገረን እሱ ራሱ ነው፤ ምንም አላስገረመውም። እሱን ያስገረመው ምሳው ነው። ምሳው ክዳን ባለው ነጭ ሳጥን መጣ፤ ሰዎቹ በልተው ሳጥኑን ጣሉ፤ ማንም ምንም አላጠበም። "ሱብሃነላህ፣ በደቂቃ ውስጥ አዳራሹ ንጹሕ" አለን፣ ዓይኑ እያበራ። ስለ ቆሻሻ ሊማር ሄዶ ቆሻሻ ወድዶ ተመለሰ።

በቀጣዩ የእድር ስብሰባ ሐሳቡን አቀረበ። ዕቃው አርጅቷል፤ ይሸጥ። ለለቅሶ ተበልቶበት የሚጣል ሰሃንና ኩባያ ይገዛ። ድንኳኑና ወንበሩ ብቻ ይቅር። ክፍሉ ለዘይነባና ለፋጡማ ግቢ ይለቀቅ፤ "ለእነሱም እረፍት ነው" አለ። ፋጤን አየኋት። እጇ አንገቷ ላይ ነበር።

ተነሳሁ። ቀድሞም ቆሜ ነበር። ያነበብኩትን ሁሉ አወጣሁት፤ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ዓሣው ሆድ፣ ስለ ሀብታም አገሮች ጸጸት፣ ስለ እናቶቻችን ጥበብ። ጥሩ ንግግር ነበር። እኔ ራሴ ነክቶኛል። ስጨርስ ሰሚራ እጇን አወጣች። ሰሚራ የጎረቤታችን የባጃጅ ነጂው ሚስት ናት፤ ወጣት ናት፣ አንደበቷ ስለት ነው።

"እትዬ ዘይነባ፣ የተናገሩት ሁሉ ያምራል" አለች። "ሰሃኑን የሚያጥበው ማነው?"

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

"የሀጂ እናት ያረፉ ጊዜ ድንኳኑ እስኪነሳ ከቧንቧው ስር አልተነሳሁም። እሳቸው ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። ላለቅስ መጥቼ ለማልቀስ ጊዜ አላገኘሁም። የሚጣለው ሰሃን ይምጣልኝ፤ ዓሣው ይቅር ይበለኝ።"

ሴቶቹ ሳቁ፤ ቀጥለውም እያንዳንዷ የገዛ መዳፏን ታይ ጀመር። ሁሉም የየራሱን ለቅሶ እያስታወሰ ነው። እኔ ለካ የናቴን ጥበብ ሳወድስ የናቴን ወገብ ረስቻለሁ። ያ ጢማም ጎልማሳም መድረኩ ላይ ስለ ማጠብ ቃል አልተነፈሰም። ከገንዳ ካወጣኋቸው መጻሕፍት ሁሉ መካከልም ሰሃን የሚያጥብ ሰው ያለበት አንድም አላስታውስም።

ከዚህ በኋላ ያልኩትን አስቤ አይደለም ያልኩት። "እንግዲያውስ ወንዶቹ ያጥቡ" አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀችው ፋጤ ናት። ከተመለስኩ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ ሰሚራ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም። ሰሚራ ዓይኖቿን እየጠረገች፣ "በዚህ እስማማለሁ፤ ወንዶቹ ካጠቡ ሰሃኑ ይቅር" አለች። "ይቅር፣ ይቅር" የሚል ድምፅ ከሴቶቹ በኩል ተነሳ። ወንዶቹን ብታዩ አንጀታችሁን ይበሉት ነበር። አንዱ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። አንዱ ስልኩን አየ። ሀጂ በድሩ ጉሮሮውን ጠረገና "ጉዳዩ በሽማግሌ ይታይ፤ የዐስር ሶላት ሊደርስ ነው" ብሎ ስብሰባውን በተነ።

የሰፈራችን ወንዶች በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም። ስለ መንገዱ ጠጠር ሲከራከሩ መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ስለ ድንኳኑ ቀዳዳ ሲከራከሩ ዝናብ ሬሳ ላይ ወርዷል። ያን ቀን ግን ከመስጊድ ሲወጡ ተስማምተው ነበር። በሳምንቱ የጭነት መኪና ግቢያችን በር ላይ ቆመ። ገዢው እንሴኖ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው አሉን። ፋጤ ክሩን ከአንገቷ አወጣችና ቁልፉን ለሀጂ ሰጠችው። እኔ ጮህኩ፤ እሷ ግን ወደ ጫኞቹ ዞር ብላ "ድስቶቹን ከሰሃኖቹ በላይ አትጫኑ፣ ቀለሙ ይፈነቀላል" አለቻቸው። ማታ እራት ላይ እጇ ደጋግሞ ወደ አንገቷ ሲሄድ አየሁ። የምትፈልገው ነገር እዚያ አልነበረም።

የመጀመሪያው ለቅሶ ብዙም አልቆየም፤ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን አረፉ። የሚጣለው ሰሃን በየእጃችን ታደለ። ትኩስ ወጥ ሲጨለፍበት ሰሃኑ መሐሉን ሰብሮ ሰገደ። ሻይ የያዘው ኩባያ ለሰለሰ፤ ለቀስተኛው በሁለት እጁ እንደ ጫጩት አቅፎ ይጠጣ ነበር። ከዘቢዳር ተራራ በኩል ነፋስ ተነሳና የተበላባቸውን ሰሃኖች ለቅሞ በመንገዱ ላይ ነዳቸው፤ ፍየሎች ተከተሏቸው። ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች ወጥ የፈሰሰበትን ጉልበታቸውን እየጠረጉ ሟቹን ረሱት።

ያን ጊዜ ፋጤ ከአጠገቤ ጠፋች። ስትመለስ ከጓሯችን የቆረጠችውን የኮባ ቅጠል በክንዷ ታቅፋ ነው። ጠርጋ፣ ቀድዳ፣ በየሰዉ ፊት ዘረጋችው፤ ቆጮና ጎመኑን በላዩ አቀረበች። ሰው በላ። ከበላ በኋላ ፍየሎቹ ሰሃኑን በሉት። ልብ አድርጉልኝ፤ ማንም አላጠበም፣ ምንም አልተጣለም። እዚያ ሰሜን አገር እንዲህ ያለውን ቅጠል በመኪና ጨፍልቀው የሰሃን ቅርጽ ሰጥተው ከሩቅ አገር በመርከብ ሲያስመጡትና በውድ ዋጋ ሲሸጡት አይቻለሁ። እኔም ገዝቼ አውቃለሁ። የተወለድኩበትን ጓሮ ግን አላስታወስኩትም።

"አየሽ፣ ሰሚራ አታጥብ፣ ዓሣሽም አይሙት" አለችኝ ፋጤ በሹክሹክታ። ደስ ብሏት ነበር። ለአንድ ከሰዓት በኋላ እንደገና የሰሃኖቹ እናት ሆነች።

ሀጂ በድሩ ግን ፊቱ ጠቁሮ መጣ። የሟቹ ልጆች ከአዲስ አበባ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ይዘው መጥተው ነበርና። "ፋጡማ፣ ምን ነካሽ? ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ፊት ቅጠል ይቀርባል? ሰሃን የሌለን ሊመስላቸው ነው" አላት።

"ሰሃን የለንም እኮ" አለችው።

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እጄን ያዘችኝ። ወንዶቹ እንደገና መከሩ። ፕላስቲኩ አዋረደን፣ ቅጠሉ ደግሞ ባሰ። ምን ይደረግ? ከአሁን በኋላ ዕቃ እንከራይ። ተስማሙ። ሁለተኛ ጊዜ መስማማታቸው ነው፤ መልመድ ጀምረዋል ማለት ነው።

በክረምቱ ማለቂያ ፋጤ ታመመች። ሐኪሙ ሳንባዋ ነው አለ። ሰሃኑ ገደላት አልላችሁም፤ ያነበብኩ ሰው ነኝ፣ ሰው በሰሃን እንደማይሞት አውቃለሁ። ግን ትተኛ የነበረው ፊቷን ወደ ባዶዋ ክፍል አድርጋ ነው። በሯ ክፍት ነበር፤ የሚቆለፍበት ነገር ስለሌለ። እኔ ስንጎራደድ "ተቀመጪ እትዬ" ትለኛለች፤ ስቀመጥ "ሂጂ ባይሆን ዙሪ፣ አስጨነቅሽኝ" ትለኛለች። አንድ ጠዋት ሁለቱንም አላለችኝም።

ልቀበር መጥቼ ቀበርኩ። ድንኳን ተተከለ። ሰሃኑ ከእንሴኖ በባጃጅ ተጭኖ መጣ። ንፍሮ አቀረቡልኝ። ነጭ ሰሃን፣ ጠርዙ ሰማያዊ። ንፍሮውን መዳፌ ላይ ገልብጬ ቂጡን አየሁት። ቀይ ነጥቧ ቁጭ ብላለች። ነጋዴው ሊፍቃት እንኳ አልደከመም። አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ሰሃን ገለበጥኩ፤ ቀይ። የማዶውን፤ ቀይ። ለቀስተኛው "ሐዘን ናላዋን አዞረው" እያለ ተወኝ። ሰሃኖቹ እናታቸውን ሊቀብሩ በኪራይ መጥተዋል።

ከድንኳኑ ወጥቼ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። እዚያ ማን ይመስላችኋል? ሰሚራ። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ከትታ፣ ከጎኗ የሰሃን ተራራ።

"የኪራዩ ሕግ ታጥቦ ይመለስ ይላል" አለችኝ፣ ቀና ሳትል። "ነጋዴው ቆሻሻ ከሆነ አልቀበልም ብሏል።"

ሀጂ በድሩ ከኋላዬ መጥቶ ነበር። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነው። እኛ አገር ሰው ሲሞት ሐቅ ያለበት ሰው ለቤተሰቡ ቀርቦ "አፉ በሉኝ"፣ ይቅር በሉኝ፣ ይላል፤ ቤተሰቡም "አፉ ብለናል" ይላል፤ ነገሩ ለፈጣሪ ሳይደርስ እዚሁ ያልቃል። ጥሩ ልማድ ነው። ሌሎች ሰዎች በጣም ይጠቀሙበታል።

"ዘይነባ፣ እህቴ" አለ ሀጂ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ውሸት አልነበረበትም፤ ይሄ ነው ያናደደኝ። "ፋጡማ ሐቋ እኛ ላይ ቀርቷል። ሰሃኖቹን መልሰን ልንገዛ ሄደን ነበር፤ ነጋዴው የምትታለብ ላም ይሸጣል እንዴ ብሎ ሳቀብን። ጥፋቱ የእኛ ነው። አንቺ በእሷ ፈንታ አፉ በይን።"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረውም ሰው ጆሮውን ወደ እኛ አዘነበለ።

"አልልም" አልኩ።

"ለአላህ ብለሽ።"

"እሱ ከፈለገ አፉ ይበላችሁ። እኔ አልልም።"

ከዚያ ሄዱ። እጅጌዬን ሰብስቤ ሰሚራ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ወገቤ ያኔውኑ መጮህ ጀመረ፤ ቢሆንም ከመጣሁ ወዲህ ሳልነሳ የተቀመጥኩት ያን ቀን ነው። አንዱን ሰሃን አጥቤ፣ ቀይዋን ነጥብ በአውራ ጣቴ ዳብሼ፣ ወደ ንጹሖቹ ደፋሁት። ሌላ አነሳሁ። ድንጋዩ ላይ ያለነው ሁለት ሴቶች ነን፤ ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ናቸው።

ሰሚራ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ፣ "እኔንስ እትዬ? ከሴቶቹ መካከል የሚጣለው ይምጣ ብዬ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አፉ ይሉኛል?" አለችኝ።

ምስኪን ልጅ ናት። ፋጤን እንደ እናቷ ነበር የምታያት። አሁንም ለማልቀስ ጊዜ አላገኘችም።

"አልልሽም" አልኳት። "ያንን ሰሃን አቀብዪኝ።"

አቀበለችኝ። እናንተንም አፉ አላልኩም።